ጋቢና ውስጥ የሚዘንብ ዝናብ

ሐረግ ባዶ እግሯን ከጋቢናው ወለል ላይ ስታሳርፍ ቅዝቃዜው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወጣ። ውሃ ነው። ትናንት ማታ በጨርቅ አድርቃ፣ ሁለቱንም መስኮት እስከ ጫፍ ዘግታ፣ በሮቹን ቆልፋ የተወችው ጋቢና ነበር። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ እንደምንም መግቢያ አግኝቶ ከተሳፋሪው ወንበር ፊት ለፊት ትንሽ ኩሬ ሠርቷል።

ጨርቁን በእጇ እንደያዘች ወዲያው ወደ ሥራ አልገባችም። ውጭ አሁንም ያካፋል። ትንፋሿ መስታወቱን ጉም ስላለበሰው ግቢው፣ አጥሩ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው የመካነ ሰላም ቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ ቀልጦ አንድ ግራጫ ነገር ሆኗል። ፒክአፑ ከመሬት የተነሣና ወደ ዓባይ ሸለቆ ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ መሰላት። ብቻዋን ስትሆን እንዲህ ዓይነት ነገር ማሰብ ትወዳለች፤ ለማንም ግን አትናገርም።

«ሐረግ፣ ደረቀልሽ?» አባቷ ከበረንዳው ተጣሩ።

«ውሃ አለ አባባ። እንደገና ገብቷል።»

አቶ ውበቱ ካፖርታቸውን በራሳቸው ላይ ጣል አድርገው መጡና አንገታቸውን ወደ ጋቢናው አስገቡ። ወለሉን አዩ፤ መስኮቱን አዩ፤ ቀጥሎም በገዛ እጃቸው በመስታወቱ ዙሪያ የቀቡትን ጥቁር ሬንጅ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ሬንጁ አልተሰነጠቀም።

«የቆየ ውሃ ነው» አሉ። «ባለፈው የወንበሩ ስፖንጅ የጠጣውን ነው አሁን የሚተፋው።»

«ትናንት ግን መስኮቱ ዝግ ነበር።»

«ትናንትማ ዝግ ነው። ያን ቀን ነው ክፍት የነበረው። አብሽሪ፣ ዛሬ በደንብ አድርቂልኝ። ነገ ወተት ይጫናል።»

ሐረግ ጨርቁን ኩሬው ላይ ጣለች። አባቷ እንዲህ ካሉ በኋላ ነገሩን መልሶ ማንሣት አልለመደባትም።

ጊዜው የ1966 ዓ.ም. ነሐሴ ነበር። ዝናብ እምቢ ብሎ ከከረመ በኋላ የመጣ ክረምት ስለሆነ በከተማው ውስጥ አንድም ሰው ዝናቡን አያማርርም። ጣሪያው የሚያፈስበትም፣ ጭቃ ጫማውን የዋጠበትም «ተመስገን» ብሎ ያልፋል። አቶ ውበቱም እየነዱ ጠብታ አንገታቸው ላይ ሲወድቅ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ከዚያ ኮሌታቸውን ያቆማሉ። ሰዎች ከልብስ ሰፊው ሱቅ ደጃፍ ተሰብስበው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ከባለሥልጣኖቹ ዛሬ ደግሞ ማን ተያዘ ይባባላሉ። ስለ ረሀቡ ግን ሬዲዮው ሳይነግራቸውም ያውቃሉ፤ ከቆላ የመጡት ሰዎች ወግዲ መጠለያ ውስጥ ናቸው። ፒክአፑ የሚሠራው ለእርዳታ ኮሚቴው ነው። እህሉን ከኋላ መጫኛው ላይ፣ የሕፃናቱን ዱቄት ወተት ግን ጋቢና ውስጥ ይጭናል፤ የኋላው ሸራ ስለተቀደደ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ካርቶን ወተት ረጥቦ እንደ ድንጋይ ደርቆ ተገኘ። የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ቸኮል ድንጋዩን በቁልፋቸው ጫፍ ቆረቆሩት።

«ውበቱ» አሉ፣ «ይሄን ለሕፃን ነው የምትሰጠው ለግንበኛ?»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን በዚያው አልቀረም። ገበያ ላይ «ደረቁን ሸጦ ነው፤ የቀረውን ውሃ ረጭቶበት ነው» የሚል ወሬ ተነሣ። አቶ ቸኮልም ከአሁን በኋላ አንድ ካርቶን ከረጠበ መኪናውን ለሌላ ሾፌር እንደሚሰጡ ቁርጡን ተናገሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ውበቱ እራት ላይ እንጀራቸውን ሳይጨርሱ ይነሣሉ።

ያን ቀን ከእሳቸው ጋር ጋቢና የተቀመጠችው አበቡ ነበረች።

አበቡ የሐረግ የክፍል ጓደኛ ናት። ከእናቷ ጋር ከቆላ መጥተው፣ እናቷ በለጡ ወግዲ መጠለያ ውስጥ የሕፃናቱን ወተት በትልቅ ድስት የምታማስል ሆና ቀረች፤ አበቡ ግን ትምህርቷ እንዳይቋረጥ መካነ ሰላም አክስቷ ቤት ተቀመጠች። በክረምት ወደ ወግዲ የሚሄድ ሌላ መኪና የለም። እናቷን የምታየው አቶ ውበቱ ሲወስዷት ብቻ ነው፤ ወተቱን ታቅፋ፣ እግሯን አጣጥፋ።

አቶ ውበቱ መስታወቱን ሬንጅ ከቀቡ በኋላ ውሃ በዚያ ሊገባ እንደማይችል እርግጠኛ ነበሩ። እርግጠኛ ስለሆኑም ወተቱ ረጥቦ ሲያገኙት የቀረው መግቢያ የአበቡ መስኮት ብቻ ሆነ። አበቡ ደግሞ እጇን በመስኮት አውጥታ ዝናብ በመዳፏ መቀበል እንደምትወድ ሰው ሁሉ ያውቃል። «ከእንግዲህ አትሄድም» አሉ። ለአቶ ቸኮልም እንዲሁ ነገሯቸው።

አበቡ በማግስቱ ሐረግን አጥሩ ጋ ጠብቃት ነበር።

«ወላሂ አልከፈትኩም።»

«እጅሽን ማውጣት ትወጃለሽ እኮ» አለች ሐረግ።

«እወዳለሁ። መኪናው ሲቆም ነው የማወጣው። ወተት ታቅፌ መስኮት ልከፍት? የምታማስለው እኮ እናቴ ናት፣ አንቺ ሞኝ።»

ሐረግ የአጥሩን እንጨት ልጣጭ በጥፍሯ ላጠች።

«አንቺም?» አለች አበቡ።

«እኔ ምን አልኩ?»

«ምንም አላልሽም። እሱን ነው የምልሽ።»

አበቡ ሄደች። ሁልጊዜ እየዘለለች ነበር ኩሬዎቹን የምታልፋቸው፤ ያን ቀን በመሃላቸው ረግጣ ሄደች።

አሁን ሐረግ ጋቢናው ውስጥ ተንበርክካ ኩሬውን በጨርቅ እየመጠጠች ያንን አካሄድ አስታወሰች። ወንበሩን አንሥታ ስፖንጁን ጨመቀችው። እርጥበት ብቻ ነው፤ ይህን ሁሉ ውሃ ሊተፋ አይችልም። ለረጅም ጊዜ ስፖንጁን በእጇ እንደያዘች ተቀመጠች።

አባቷ ለነገው ጉዞ ወደ መጋዘን ሲሄዱ ጠብቃ ወደ ማድ ቤት ገባችና አመድ በወንፊት መንፋት ጀመረች።

«አመዱ ለምንሽ ነው?» አሏት እናቷ ወይዘሮ ንግሥቴ።

«ለመኪናው።»

«መኪናው ደግሞ አመድ መብላት ጀመረ?»

«ውሃ በየት እንደሚገባ ለማየት ነው።»

እናቷ ትከሻቸውን ሰበቁ። «ወንፊቴን እንዳታረጥቢው ብቻ።»

ሐረግ የደረቀውን ወለል፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለውን ቆርቆሮና የበሩን ደፍ አመድ ነሰነሰችበት። ከዚያ በሾፌሩ ወንበር ላይ እግሯን ሰብስባ ወጣች፤ በሮቹን ዘጋች፤ መስኮቶቹን እስከ መጨረሻው አጠበቀች፤ ዝናቡንም መጠበቅ ያዘች።

ዝናቡ ብዙ አላስጠበቃትም። ከወግዲ በኩል ጉሙ ተነሣ፤ አጥሩ ጠፋ፤ መጀመሪያ ጣሪያው ላይ አንዳንድ ጣት የሚቆረቁር መሰለ፤ ቀጥሎ ጣቶቹ በዙና ድምፁ አንድ ሆነ። ጋቢናው ውስጥ ግን ጸጥታ ነበር፤ ሌላው ዓለም ሁሉ እየጮኸ እሷ የተቀመጠችባት ይህች ትንሽ ክፍል ብቻ ትንፋሿን የያዘች ይመስላል። በመስታወቱ ላይ ውሃው እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከመስታወቱ ውጭ፣ ግርጌው ላይ፣ የቆመች አንዲት የሳር ዘለላ በንፋሱ ትንቀጠቀጣለች። ሐረግ እሷን እያየች ዓይኗ ከደን ከደን አለ። አበቡ አጠገቧ ወተት ታቅፋ የተቀመጠች መሰላት። ሁለቱም ምንም አይነጋገሩም፤ መኪናውም ያለ ሾፌር ይሄዳል፤ ከታች ሜዳው ሁሉ ለምልሟል፤ መጠለያው ባዶ ነው፤ ድስቱ ተገልብጦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

ደንገጥ ብላ ነቃች። አመዱ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ ነበር።

አጠገቡ ሌላ ነጥብ ወጣ። ነጥቦቹ ተያያዙና ቀጭን መስመር ሆነው ወደ ተሳፋሪው እግር ማሳረፊያ ወረዱ። የበሩ ደፍ ላይ ያለው አመድ እንደነጣ ነው። በመስኮቱ በኩልም አንዲት ጠብታ አልገባችም። ሐረግ ጎንበስ ብላ እጇን ከዳሽቦርዱ ሥር አስገባች። መዳፏን ወደ ላይ ስታስጠጋው ቀዝቃዛ ክር የሚመስል ውሃ በጣቶቿ መሃል ወረደ። ከላይ ነው የሚመጣው። ከመስታወቱ ሥር።

«አልከፈተችም» አለች፤ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

ዝናቡ ሲያባራ ባልዲና ጣሳ ይዛ ወጣች። እርግጠኛ መሆን ፈለገች። በጣሳው ቀድታ መጀመሪያ ጣሪያው ላይ አፈሰሰች፤ ገብታ አየች፤ ምንም። የመስታወቱ ዙሪያ ላይ አፈሰሰች፤ የአባቷ ሬንጅ ውሃውን አንሸራቶ ጣለው። በሩና መስኮቱ ላይ አፈሰሰች፤ አመዱ ደረቅ ነው። የቀረው በሞተሩ ክዳንና በመስታወቱ መሃል ያለው ባለ ቀዳዳ ቆርቆሮ ነው፤ ለጋቢናው አየር የሚያስገባው። ከሥሩ አንድ ጠባብ ቦይ አለ። ዝናብ እዚያ ሲገባ ቦዩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወስድና በየጎማው ጀርባ ባለች ቀዳዳ መሬት ላይ ይጥለዋል።

በግራ በኩል አፈሰሰች። ውሃው ወዲያው ከጎማው ጀርባ ተንጠባጠበ። በቀኝ በኩል አፈሰሰች። ከጎማው ጀርባ ምንም አልወረደም። ጎንበስ ብላ ጠበቀች። ምንም። ጋቢናው ውስጥ ግን አመዱ ላይ ያለው መስመር ወፍሮ ነበር።

ጣቷን በቆርቆሮው ቀዳዳ አስገባችና የነካችውን ነገር ሳብ አደረገች። ጥቁር፣ የበሰበሰ፣ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ሳር ወጣ። ሽታው የከረመ ድርቆሽ ሽታ ነው። ከሥሩ ሌላ አለ፤ ከሌላውም ሥር ሌላ።

ሳሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ማሰብ አላስፈለጋትም። ፒክአፑ ወግዲ ሲደርስ የመጠለያው እናቶች ለምለም ሳር ቆርጠው ይመጣሉ። «ልምላሜ ያድርግልህ፤ መንገድህን ያለምልመው» እያሉ የሞተሩ ክዳን ላይ ያኖሩታል። ከሰውነታቸው አጥንት ብቻ የቀራቸው ሴቶች ናቸው፤ ከሳር በቀር የሚሰጡት የላቸውም። አባቷ ሊነዱ ሲሉ ሳሩ መሬት ወድቆ እንዳይረገጥ እያነሡ በቀኝ በኩል ባሉት በእነዚያ ቀዳዳዎች ይሰኩታል። አንዱ ደርቆ ወደ ውስጥ ሲወድቅ በሚቀጥለው ጉዞ ሌላ ይሰካል። ሐረግም ከጋቢናው ውስጥ ሆና ሳሩ ሲወዛወዝ ማየት ስትወድ ነው የኖረችው።

ሁለተኛውን ጉንጉን ስትስብ ከጎማው ጀርባ ውሃ ዱብ ዱብ አለ።

እጇ ቆመ።

አሁን ሁሉንም ብታወጣው ነገር ሁሉ ያልቃል። ነገ ቢዘንብም ጋቢናው ይደርቃል፤ ወተቱ ሳይረጥብ ይገባል፤ አቶ ቸኮል ዝም ይላሉ፤ አባቷም እራታቸውን ይጨርሳሉ። እሳቸውን ማሳፈር የለም። ምንም መናገር የለም። ሐረግ ደግሞ ምንም አለመናገር ይቀናታል።

ነገር ግን አባቷ ነገ ማታ ሲመለሱ የሚሉትን ከወዲሁ ሰማችው። አየሽ? ያቺ ልጅ ስላልነበረች ነው፣ ይላሉ። ከዚያ ወዲያ አበቡ መስኮት እንዳልከፈተች የሚያውቅ ሰው አበቡና ሐረግ ብቻ ይሆናሉ።

ፀሐይ ለአፍታ ብቅ ብላ የሞተሩ ክዳን ላይ ያለው እርጥበት ጨሰ። ሐረግ ያወጣችውን የበሰበሰ ሳር በመዳፏ ይዛ ቆየች። ከዚያ መልሳ በቀዳዳው አስገባችውና በጣቷ ወደ ታች ገፋችው። የረጠበውን አመድ ጠርጋ አዲስ ነሰነሰች። ባልዲውን ከጉድጓዱ ሞልታ አመጣችና አባቷን ጠበቀች።

አቶ ውበቱ የመጡት ከሰዓት ነው። ፊታቸው ደክሟል።

«አባባ፣ እስቲ ጋቢና ይግቡልኝ።»

«ወዴት ልትወስጅኝ ነው?»

«የትም። ይግቡና መስኮቱን ራስዎ ይዝጉት።»

አባቷ ባልዲውን አዩ፤ እሷን አዩ። ሌላ ቀን ቢሆን ደክሞኛል ይሉ ነበር። ምናልባት ልጃቸው እንዲህ ብላ ስለማታውቅ ይሆናል፤ በተሳፋሪው ወንበር ላይ ገብተው ተቀመጡ። በሩን ዘጉ። መስኮቱን አጠበቁ። በመስታወቱ ውስጥ «እሺ» ሲሉ ከንፈራቸው ብቻ ታየ።

ሐረግ ጣሳውን ሞልታ በቀኝ በኩል ባለው ቀዳዳ ላይ ቀስ ብላ አፈሰሰች። ደገመች። ውሃው በመስታወቱ ግርጌ ሲገነፍል የአባቷ ፊት ከጀርባው ይረዝማል፣ ይሰበሰባል። ወደ እሷ እያዩ ነበር። በመጨረሻ ዓይናቸው ወደ እግራቸው ወረደ።

እዚያው ቀሩ። ጣሳው ባዶ ሆኖ እንኳ አልወጡም። ጎንበስ ብለው እጃቸውን ከዳሽቦርዱ ሥር ሲያስገቡ አየቻቸው።

በሩን ከፍተው ሲወርዱ የሱሪያቸው ጫፍ ረጥቦ አመድ ተለጥፎበታል።

«ከየት ነው?»

ሐረግ በጣቷ አሳየቻቸው። የሳሩን ነገር በአፏ መናገር ከበዳት። አቶ ውበቱ ገና ያልደረቀችዋን ዘለላ መጀመሪያ ነቀሉ፤ ከሥሯ ያለውን የጠቆረውን ሳቡ፤ ቀጠሉ። ሳሩን አንዱንም መሬት ላይ አልጣሉትም። እያወጡ አጥሩ ራስ ላይ ደረደሩት። ቦዩ ባዶ ሲሆን ከኋላ ሽቦ አመጡና ከጎማው ጀርባ ባለችው ቀዳዳ ወደ ላይ አሾለኩት። የታጎረው ውሃ ጥቁር ሆኖ ክንዳቸው ላይ ፈሰሰ።

«አፍስሺ» አሉ።

አፈሰሰች። ውሃው በግራም በቀኝም እኩል ወረደ።

አቶ ውበቱ እጃቸውን በካፖርታቸው ጠረጉ። «ቸኮልን ዛሬም ልጅቷ ናት ብዬው መጣሁ» አሉ፤ ወደ ሐረግ ሳያዩ። «ሰው መሃል።»

ሐረግ ባልዲውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዞረች። «እና?»

«እናማ መጋዘኑ ገና አልተዘጋም።» ኮሌታቸውን አስተካከሉ፤ ካፖርቱን ግን አልቆለፉም። «አንቺ አበቡን ጥሪያት። ነገ በጠዋት ነው በያት።»

«እናቶቹ ነገም ሳር ያመጣሉ እኮ አባባ።»

አባቷ አጥሩ ላይ የተደረደረውን አዩ። «አበቡ ትቀበላቸዋለች። እጇን በመስኮት ማውጣት ትወድ የለ?»

ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም፤ ወጥተው ወደ መጋዘኑ ሄዱ።

የአበቡ አክስት ቤት ከገበያው ጀርባ ነው። ሐረግ መንገዱን ቀስ ብላ ሄደች። የተላከችበት ነገር አጭር ነው፤ አባባ ነገ ይወስዱሻል። ይህን ብትል አበቡ ትስቃለች፤ ምናልባትም ትዘላለች፤ ያኛው ነገር ሳይነሣ ይቀራል። እንደዚያ ቢቀር ደስ ባላት።

አበቡ ደጃፍ ላይ ብርድ ልብስ አጥባ ብቻዋን ለመጭመቅ ትታገል ነበር። ቀና ብላ አየቻትና ሥራዋን ቀጠለች።

«ምን ፈለግሽ?»

ሐረግ የተላከችበትን ለኋላ አቆየችው።

«ባለፈው ዝም ያልኩት ስላላመንኩሽ ነው» አለች።

አበቡ መጭመቋን አቆመች። ከብርድ ልብሱ የሚወርደው ውሃ በሁለቱ መሃል መሬቱን አረጠበው። 

«ሳትነግሪኝም አውቀዋለሁ» አለች አበቡ በመጨረሻ። ከዚያ የብርድ ልብሱን አንድ ጫፍ ወደ እሷ ዘረጋች። «ያዢ እስቲ፤ ለብቻዬ አልቻልኩትም።»

ሐረግ ጫፉን በሁለት እጇ ያዘች፤ አበቡ ወደ ቀኝ፣ እሷ ወደ ግራ ጠመዘዙት።